የገጠር ልጃገረዶችን ለማስተማር የመማሪያ ክፍል ብቻውን ለምን አይበቃም?

በሐዲያና በከምባታ ገጠር ልጃገረዶች ትምህርታቸውን የሚያቋርጡት ብዙ ጊዜ ትምህርት ስለጠሉ አይደለም። በቤታቸውና በመማሪያ ክፍሉ መካከል የተደቀኑት እንቅፋቶች ስለሚበረቱባቸው ነው። እነዚህ እንቅፋቶች ተለይተው ካልተወገዱ አዲስ የተሠራ ትምህርት ቤትም ቢሆን ወንበሩ ባዶ ሊሆን ይችላል።

የሥራ ጫናና ርቀት

ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ታናናሾችን መጠበቅና እናትን በእንሰት ፍቀት ማገዝ በአብዛኛው የሴት ልጅ ድርሻ ተደርጎ ይቆጠራል። ምንጩ በራቀ መጠን ተማሪዋ ክፍል የምትደርሰው አርፍዳና ደክማ ነው። ማታ ለጥናት የሚተርፋት ጊዜም ጥቂት ነው። የወር አበባ ሲመጣ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ውኃና የተለየ መጸዳጃ ከሌለው ከትምህርት ገበታ ትቀራለች። የቀረችባቸው ቀናት ሲደራረቡ ፈተና ይከብዳታል፤ በመጨረሻም ታቋርጣለች።

ስምንተኛ ክፍልን ላጠናቀቀች ልጃገረድ ሌላ ፈተና ይጠብቃታል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአመዛኙ በከተሞች ስለሚገኙ፣ የሩቅ ቀበሌ ልጅ በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ ወይም በሺንሺቾ ቤት ተከራይታ፣ ከቤተሰብ በሚላክላት ስንቅ መማር ግድ ይሆንባታል። ወላጅ ከኪራዩና ከስንቁ ይልቅ የሚያስጨንቀው የልጁ ደኅንነት ነው።

የከምባታ ተሞክሮ

በከምባታ የተወለዱት ቦጋለች ገብሬ በልጅነታቸው ውኃ ለመቅዳት እየመሰሉ ከቤት በመውጣት በድብቅ ፊደል እንደቆጠሩ ይታወቃል። በአዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በኢየሩሳሌምና በአሜሪካ ከተማሩ በኋላ ወደ ትውልድ አካባቢያቸው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህታቸው ፍቅርተ ገብሬ ጋር ከምባቲ መንቲ ጌዚማ ቶፔ የተሰኘውን የሴቶች ድርጅት መሠረቱ።

ቦጋለች ስለ ኤች አይ ቪ ሊያስተምሩ ሲመጡ፣ ነዋሪው አስቀድሞ የጠየቃቸው ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎችም ወደ ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ ነበር። ድልድዩ በማኅበረሰቡ ተሳትፎ ተሠራ። መተማመን ከተገኘ በኋላ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ወጣቶች በአንድነት ተቀምጠው ስለ ሴት ልጅ ግርዛትና ስለ ጠለፋ መወያየት ጀመሩ። በአካባቢው ግርዛት የሚፈጸመው ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን ስትቃረብ ስለነበረ፣ የተገረዘች ልጅ ለጋብቻ እንደደረሰች ትቆጠር ነበር። ስለዚህ ልማዱ አካሏን ብቻ ሳይሆን ትምህርቷንም ይጎዳ ነበር። ከዓመታት ውይይት በኋላ በከምባታ ግርዛት በእጅጉ ቀነሰ። ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2013 የቤልጂየሙን የንጉሥ ቦዱዊን ሽልማት ተቀበሉ፤ በ2019 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ሕጉ ምን ይላል?

በቤተሰብ ሕጉ መሠረት ለሴትም ሆነ ለወንድ ዝቅተኛው የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ ያለ ዕድሜ ጋብቻን፣ ግርዛትንና ጠለፋን በወንጀልነት ይደነግጋል። ሴትን ለጋብቻ መጥለፍ ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። በሽምግልና መታረቅም ወንጀሉን አያስቀርም።

ከወላጅና ከከተማ ነዋሪ ምን ይጠበቃል?

ወላጆች የቤት ሥራን ለወንዱም ለሴቷም እኩል ቢያከፋፍሉ፣ ልጃገረዷ በየቀኑ የምታጠናበት ሰዓት ታገኛለች። ዕድርና የቀበሌ መሪዎች ምንጭ በማጎልበት፣ የእግረኛ መሻገሪያ በመሥራትና የትምህርት ቤት መጸዳጃ በማሟላት ጉልበትና ገንዘብ ሊያስተባብሩ ይችላሉ። መምህራን አንዲት ተማሪ በተከታታይ ስትቀር ወዲያውኑ ቤተሰቧን ቢጠይቁ፣ የጋብቻ ዝግጅት ካለ ሳይረፍድ ይታወቃል።

የከተማ ነዋሪም ድርሻ አለው። ከገጠር ለመጣች ተማሪ በተመጣጣኝ ኪራይ፣ መዝጊያው የሚቆለፍ ክፍል የሚሰጥ፣ እንደ ልጁም የሚከታተላት አከራይ፣ በሩቅ ቀበሌ ላሉ ወላጆቿ ስጋት መፍትሔ ይሆናል። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በሆሳዕናና በዱራሜ ለአካባቢው ቅርብ ነው። ይሁንና ልጃገረዷ በሩ ላይ ለመድረስ በቅድሚያ ዘጠነኛ ክፍልን በሰላም መጀመር፣ አሥራ ሁለተኛንም መጨረስ አለባት።