መብራትም ጎተራ ያሻዋል

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

የምኖረው ገርጂ፣ መብራት ኃይል ተብሎ በሚጠራው ሰፈር ነው። በጎረቤቴ እንጀራ ጋግረው ለሱቅ በማስረከብ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት አሉ። በቀደም ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ምጣዱ ግሎ፣ ገና አሥረኛውን እንጀራ ሳያወጡ መብራቱ ድርግም አለ። እስኪመለስ ድረስ ሊጡ ሆምጥጦ ተደፋ፤ የዕለቱም ገቢ አብሮ ሄደ። እኒህ እናት ታዲያ፣ «ልጄ፣ ታላቁ ግድብ አልቆ የለምን? ደግሞ ምን ጎደለ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

የሰፈር ገመድና ትራንስፎርመር ሲበላሽ የሚጠፋውን መብራት የትኛውም ግድብ አያድነውም፤ ያ የጥገና ጉዳይ ነው። እኔ ላነሣ የፈለግሁት ግን ሌላውን፣ ማለት የመጠባበቂያ ኃይልን ነገር ነው።

የኤሌክትሪክ ኃይል እንደ ጤፍ ተወቅቶ በጎተራ አይከተትም፤ በተመረተበት ቅጽበት ይፈጃል። የሚመነጨውና የሚፈጀው እኩል ሲሆን የመረቡ ምት ሄርዝ በሚባለው መለኪያ ሃምሳ ላይ ይጸናል። አንድ ተርባይን በድንገት ቢቆም ምቱ ይወርዳል። የጎደለውን ቶሎ የሚተካ ካልተገኘ፣ አገር በሙሉ እንዳይጨልም ሲባል መከላከያ መሣሪያዎች ከፊሉን ሰፈር ይቆርጡታል።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ከ13ቱ ተርባይኖች 11ዱ እያንዳንዳቸው 400 ሜጋዋት ናቸው። አንድ የእንጀራ ምጣድ አራት ኪሎዋት ያህል ቢፈጅ፣ በሙሉ ኃይሉ ይሠራ የነበረ አንድ ተርባይን ቆመ ማለት የመቶ ሺሕ ምጣድ እሳት ባንድ ጊዜ ጠፋ ማለት ነው። እንግዲህ የቀሩት ተርባይኖች ቢያንስ ይህን የሚተካ ኃይል ሳይሠሩበት በተጠንቀቅ መያዝ አለባቸው። ይህ ለዐይን ሥራ ፈት ቢመስልም እንደ ዘር እህል የሚቆጠር ነው።

ሂሳቡ የሠለጠኑትንም ያሳስታል። ነሐሴ 3 ቀን 2011 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር 1,000 ሜጋዋት ያህል መጠባበቂያ ይዛ ሳለ፣ መብረቅ በወደቀ ጊዜ ከዚያ የበለጠ ኃይል ባንድነት ስለ ጎደለባት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት አጡ።

በእኛም አገር በዚያው ዓመት በግንቦት ወር መብራት በፈረቃ ታድሎ ነበር። 1,870 ሜጋዋት ያለው ግልገል ጊቤ ሦስት ሳይጠፋ፣ የግድቡ ውሃ ስለ ቀነሰ ነው። ስለዚህ መጠባበቂያ ሁለት ነው፤ አንዱ ለቅጽበት፣ ሁለተኛው ለበጋ። በበጋ የአዳማና የአሸጎዳ የነፋስ ጣቢያዎች ሲሠሩ፣ በዚያው ልክ የግድቡ ውሃ ይቆጠባል።

ስለሆነም ለሚመለከታቸው ባለሥልጣኖች የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። ለጎረቤት አገርም ሆነ ለአዲስ ፋብሪካ ኃይል ከመሸጡ በፊት የመጠባበቂያው ድርሻ አስቀድሞ ይነሣ፤ መጠኑም በየዓመቱ በጋዜጣ ለሕዝብ ይገለጥ። እኛም ነዋሪዎች በምሽቱ የጭንቅ ሰዓት ከመጋገር ብንቆጠብ ድርሻችንን እንወጣለን። አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ እንጂ ድስት ጥዶ ማልቀስ እንደማይረባ ከእናቶቻችን ተምረናል።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የገርጂ ነዋሪ