የመሪው መካከል

ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን ጠመዝማዛ ስጀምር መሪውን ወደ ግራ አዞርኩ፤ ፒክአፑ ዝም አለኝ። ትንሽ ጨመርኩ። ያን ጊዜ ድንገት ነቅቶ ከፈለግኩት በላይ ታጠፈ። ልመልሰው ስል ያንኑ ባዶ ቦታ እንደገና መሻገር ነበረብኝ። ከኋላ ጤፍ ጭኛለሁ፣ መንገዱ ቁልቁል ነው፣ ከፊቴ የነዳጅ ቦቴ እየወጣ ነው። በሁለተኛ ማርሽ፣ ሁለት እጄን ከመሪው ሳላነሳ ድልድዩ ድረስ ወረድኩ። ከድልድዩ ማዶ ቆሜ ላቤን ስጠርግ፣ ይህ መኪና ጋራዥ ሳይገባ ሌላ ጭነት እንደማይጭን ወሰንኩ።

መኪናዬ አሮጌ ሃይሉክስ ነው፤ ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1997 ከሠራቸው፣ ፊቱም እንደ ኋላው በአንድ ወጥ አክስልና በባላስትራ ከሚቆመው ዓይነት። 2.8 ሊትር ናፍጣ ሞተሩ እስከ ዛሬ አላሳፈረኝም። ያረጀው መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ሳጥን ነው። ብዙ ሹፌር ስሙን የሚሰማው ሲበላሽ ስለሆነ፣ ቀድመን ብንተዋወቀው ይሻላል ብዬ ነው የምጽፈው።

እጃችን ለመሪው የሚሰጠው ዙር ነው። ጎማውን ለማጠፍ ግን የሚገፋና የሚስብ ክንድ ያስፈልጋል። ዙሩን ወደ ግፊት የሚለውጠው፣ ጉልበታችንንም የሚያበዛው በግራው ሻንሲ ላይ በብሎን የታሰረው ከባድ የብረት ሳጥን ነው። ጋራዥ ውስጥ ስቲሪንግ ቦክስ ይሉታል። ከመሪው የሚወርደው ዘንግ ሳጥኑ ውስጥ ሲገባ እንደ ብሎን ጥርስ የተጠማዘዘ ነው፤ በላዩ ላይ እንደ ዳዶ ያለ ወፍራም ብረት ይሄዳል። ሁለቱ ግን በቀጥታ አይነካኩም። በመካከላቸው ልጆች ከሚጫወቱበት ብይ ያነሱ የብረት ብዮች ተደርድረዋል። ዘንጉ ሲዞር ብዮቹ በቦያቸው እየተንከባለሉ ይሄዳሉ፤ ጫፍ ሲደርሱ በትንሽ ቱቦ ተመልሰው ከመነሻቸው ይገባሉ። ሰልፉ አያልቅም። በመፋተግ ፈንታ መንከባለል ሆነና መሪው ቀለለ፣ ዕድሜውም ረዘመ። የዳዶው አንድ ጎን ደግሞ ጥርስ አለው፤ ያ ጥርስ አንድ አጭር ዘንግ ላይ ካሉ ጥቂት ጥርሶች ጋር ይገጥማል። አጭሩ ዘንግ ከሳጥኑ ወጥቶ ፒትማን አርም የሚባለውን ክንድ ይይዛል፤ ክንዱ ረጅሙን ዘንግ ይገፋል፣ ይስባል፤ ጎማውም ይታጠፋል።

ይህን የብይ ሥርዓት በመኪና ላይ ያስፋፋው የጄኔራል ሞተርስ ክፍል የነበረው ሳጊኖ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1940 ካዲላክ ላይ ገጠመው። በዘይት ግፊት የሚታገዘው መሪ ግን በሐሳብ ይቀድማል። ፍራንሲስ ዴቪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1926 በፒርስ አሮው መኪናው ላይ ሠርቶ አሳይቷል። ሐሳቡ ለተራው ገዢ የደረሰው ግን ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ1951 ክራይስለር ኢምፔሪያል ላይ ነው። ዛሬ የቤት መኪናዎች በአብዛኛው ሬክ ወደሚባለው ቀላል መሪ ዞረዋል፤ አዳዲሶቹ ሃይሉክሶችም እንደዚሁ። የላንድክሩዘር 70 ቤተሰብ ግን ሳጥኑን አልተወም። ወጥ አክስል ከጎማው ጋር ስለሚወርድና ስለሚወጣ፣ ድንጋዩም ስለሚማታ፣ ሳጥን ይህን ሁሉ የመቻል ትዕግሥት አለው።

ትዕግሥቱ የሚያልቀው መካከሉ ላይ ነው። አንድ መኪና ከዕድሜው አብዛኛውን የሚያሳልፈው ቀጥ ብሎ በመሄድ ነው፤ ስለዚህ የጥርሶቹ መካከል ሌት ተቀን ይሠራል፣ ዳሮቹ ያርፋሉ። ሠሪዎቹም ይህን አውቀው ሳጥኑን ሲሠሩ መካከሉን ጠበቅ፣ ዳር ዳሩን ላላ ያደርጉታል፤ ቀጥታ መንገድ ላይ ልቅነት እንዳይኖር። ዓመታት ሲያልፉ የሚበላው ያ ጠበቅ ያለው ቦታ ነው። ታዲያ መሪው ወደ ዳር ሲጠመዘዝ ጤነኛ፣ ቀጥታ ላይ ልቅ ይሆናል። የእኔም ሃይሉክስ ሰፈር ውስጥ ስዞር ምንም አይመስልም ነበር። ጉዱ የወጣው በመንገድ ላይ ነው።

ጋራዥ ስደርስ አፌን የከፈትኩት “ሳጥኑ ሄዷል፣ ቀይርልኝ” ብዬ ነበር። መካኒኩ ሽበቴን አይቶ በአክብሮት፣ ግን ጠንከር ብሎ መለሰልኝ፦ “ጋሼ፣ ገና ሳጥኑ ላይ አይፍረዱ። መጀመሪያ ቴስቲናዎቹን እንጠይቅ።”

ይህን ቃል ለሁሉም የአሮጌ ፒክአፕ ባለቤት ባደርስ ደስ ይለኛል። መሪ ልቅ የሚሆንበት ምክንያት ብዙ ነው፦ የቴስቲና (የመሪ ዘንጎቹ ጫፍ ላይ ያለው መጋጠሚያ) መላላት፣ የጎማ ኩሽኔታ፣ ከመሪው በታች ያለው መጋጠሚያ፣ ሳጥኑን ከሻንሲው ጋር የሚያስሩት ብሎኖች መፈታት፣ አንዳንዴም የሻንሲው መሰንጠቅ። ሳጥን ውድ ነው፤ ቴስቲና ከእሱ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው። ምርመራውም ውስብስብ አይደለም። ጎማዎቹ ቀጥ ብለው መሬት ላይ ይቆማሉ፣ በዘይት የሚታገዝ መሪ ከሆነ ሞተሩ ይነሳል፣ አንድ ሰው መሪውን ግራና ቀኝ በትንሹ ያወዛውዛል፣ ሌላው ከሥር ገብቶ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በእጁ ይዳስሳል። የቶዮታ የጥገና መጻሕፍት በአብዛኛው ጎማው ሳይንቀሳቀስ መሪው ዳር ላይ የሚሄደውን ርቀት በ30 ሚሊሜትር ይወስናሉ። የእኔ አራት ጣት ሙሉ ይሄድ ነበር። እኔ ላይ ሆኜ ሳወዛውዝ መካኒኩ አንድ እጁን ወደ ሳጥኑ በሚገባው ዘንግ ላይ፣ ሌላውን ፒትማን አርሙ ላይ አድርጎ ዝም አለ። “የላይኛው ይዞራል፣ የታችኛው አይሰማም” አለኝ። ፍርዱ ያን ጊዜ ተሰጠ።

አንድ መንገድ ቀርቷል፤ ብዙዎችን የሚያታልለውም እሱ ነው። ሳጥኑ አናት ላይ በዳዶ የተቆለፈ የማስተካከያ ብሎን አለ። ሲጠብቅ አጭሩን ዘንግ ወደ ውስጠኛው ባለጥርስ ዳዶ ያስጠጋና ልቅነቱን ይቀንሳል። ጥቂት ሲያረጅ፣ በልክ ሲነካ፣ ይረዳል። መካከሉ የተበላ ሳጥን ላይ ግን አጥብቀህ መካከሉን ስታስተካክል ዳሮቹ ይታፈናሉ፤ ኩርባ ላይ መሪው ተጣብቆ ይቀራል፣ ከዞረበትም በራሱ አይመለስም። እንዲህ የታፈነ መሪ ከልቅ መሪ የባሰ ይመስለኛል፤ ልቁ ቢያንስ ያስጠነቅቃል። በእኔ ሳጥን ላይ ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ብሎኑን እስከ መጨረሻ አጥብቆት ነበር። የቀረን መቀየር ብቻ ነው።

ግዢው የራሱ ጣጣ አለው። መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ኦርጅናልም፣ ኮፒም፣ ዩዝድም ይገኛል፤ ዩዝድ ሲገዛ ከቀኝ መሪ መኪና የወጣ ሳጥን ለእኛ ግራ መሪ እንደማይሆን ማስታወስ፣ ዘንጉንም በእጅ እያዞሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማዳመጥ ያስፈልጋል። የሚንቋቋ ወይም አንድ ቦታ ላይ የሚያዝ ከሆነ መተው ነው።

ሥራው ግማሽ ቀን ወሰደ፤ አብዛኛው በፒትማን አርሙ ሄደ። ይህ ክንድ በጥርስ ገብቶ፣ በትልቅ ዳዶ ታስሮ፣ ለ30 ዓመት ያህል ጭቃና ውሃ ጠጥቶ ተቀምጧል። ትዕግሥት ያጣ ሰው የዘንጉን ጫፍ በመዶሻ ይመታል፤ ምቱ ግን ወደ ብዮቹና ወደ ጥርሶቹ ይገባል፣ ጤነኛ ሳጥንም ቢሆን ይጎዳዋል። የእኛ መካኒክ ክንዱና ዘንጉ የተገናኙበትን ቦታ በነጭ ቀለም ምልክት አደረገ፣ ፑለር አጠለቀ፣ አጠበቀና ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ተመልሶ ክንዱን ከጎኑ ሁለት ጊዜ መታ። ድምፁ እንደ ጥይት ጮኸና ክንዱ ወረደ። ሳጥኑ ሲወጣ ሻንሲውን በናፍጣ አጥቦ የብሎን ቀዳዳዎቹን ዙሪያ በባትሪ መረመረ፤ ስንጥቅ አልነበረም።

አዲሱ ሳጥን ከመታሰሩ በፊት መካከሉ ይፈለጋል። ዘንጉን እስከ አንድ ጫፍ ማዞር፣ ከዚያ እየቆጠሩ እስከ ሌላው ጫፍ፣ ከዚያ የቆጠሩትን ግማሽ መመለስ። ጎማዎቹ ቀጥ ባሉበት፣ ሳጥኑ መካከሉ ላይ ባለበት ክንዱ ይገባል። መሪው ጠመም ብሎ ከቀረ የሚስተካከለው ረጅሙን ዘንግ በማሳጠር ወይም በማስረዘም ነው። መሪውን ብቻ ነቅሎ አቃንቶ መግጠም ለዓይን ያምራል፤ ሳጥኑ ግን ጠበቅ ካለው ቦታው ውጭ ሆኖ ቀጥታውን መንገድ ሊነዳ ነው፣ ልቅነቱም በአዲስ ዕቃ ይመለሳል። ስንቱ ሰው አዲስ ሳጥን ገዝቶ “ኮፒ ሸጡልኝ” ብሎ እንዳማረረ ሳስብ፣ ጥፋቱ ከዚህች ቆጠራ የመነጨበት ጊዜ ጥቂት አይመስለኝም።

የቀረው ዘይት ነው። በዘይት የሚታገዘው ሳጥን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይጠጣል፤ በእጅ ጉልበት ብቻ የሚሠራው ግን ወፍራሙን 90 ቁጥር። የመኪናው ፊት በክሪክ ተነስቶ ካቫሌቶ ላይ ተቀመጠ፤ ሞተሩ ሳይነሳ መሪው ቀስ እያለ ከጫፍ ጫፍ ተመላለሰ፣ ዘይቱ በጎደለ ቁጥር ተሞላ። ሞተሩ የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው። አረፋው ጠፍቶ ዘይቱ ሲጠራ አየሩ ወጥቷል ማለት ነው።

ልጁ፣ የጋራዡ ረዳት፣ አሮጌው ሳጥን ውስጡ ምን እንደሚመስል ማየት ፈለገ። መካኒኩ ሞርሳ ላይ አስሮ ክዳኑን ፈታለት፣ አጭሩን ዘንግ አውጥቶ በጨርቅ ጠረገና እጁ ላይ አስቀመጠለት። “ዓይንህን ጨፍነህ ጣትህን ጥርሱ ላይ አሳልፍ” አለው። ልጁ ከዳር ጀመረ፤ ጣቱ በለሰለሰው ብረት ላይ ሄደ፣ ሄደና ቆመ።

“እዚህ ጋ ያዘኝ” አለ። መካከለኛው ጥርስ ነበር።