ለዜማ የሚታዘዝ ሥዕል

ከጆሐንስበርግ በስተደቡብ ምሥራቅ፥ በአልበርተን አጠገብ፥ ከካትልሆንግና ከቮስሎሩስ ጋራ ተጎራብቶ የተሠራው የቶኮዛ ሠፈር ኩማሎ የሚባል ረጅም አውራ መንገድ አለው፤ ይህም መንገድ ከ1990 እስከ 1994 እ.ኤ.አ. ድረስ የኢንካታ ፓርቲ ደጋፊዎች በሆኑት የሠራተኞች ሆስቴል ነዋሪዎችና የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ወገን በሆኑት የሠፈሩ ወጣቶች መካከል በተነሣው መተላለቅ ብዙ ደም ፈስሶበታል። ሕዝቡ ሁሉ በአንድነት የሚመርጥበት የመጀመሪያው ምርጫ ሊደረግ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፥ ኤፕሪል 18 ቀን 1994፥ ኬን ኡስተርብሩክ የተባለው የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ በሥራው ላይ ሳለ በጥይት ተመቶ የሞተው በዚሁ ሠፈር ነው። ያን ጊዜ ዓለም ቶኮዛን ያወቀው በጦርነት ሥዕል ነበረ፤ ዛሬ ግን የሟቾቹ ስም የተቀረጸበትን ሐውልት አልፎ ካሜራ የተሸከመ ሰው ወደ መንደሩ ሲገባ ቢታይ፥ የመጣው የሙዚቃ ክሊፕ ሊቀርጽ እንደ ሆነ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ይገምታሉ። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልናስተዋውቅ ያሰብነው የዚህን ሥራ ሥርዓት ነው።

የሙዚቃ ክሊፕ ከሌላው የፊልም ሥራ ሁሉ የሚለይበት ዋናው ነገር ሥዕሉ ከድምፁ በኋላ መወለዱ ነው። በተለመደው ፊልም ሥዕሉ ተቀርጾና ተስተካክሎ ካለቀ በኋላ ሙዚቃው ለእርሱ ይሰፋለታል፤ በክሊፕ ግን ዘፈኑ በስቱዲዮ ተቀድቶና ተጠናቆ የሚመጣ ስለ ሆነ፥ ዳይሬክተሩ ርዝመቱንም፥ ፍጥነቱንም፥ የሐዘኑንና የፍሥሐውንም ቦታ አስቀድሞ ተወስኖ ያገኘዋል። በአቋቋም የሠለጠነ ደብተራ ይህን ለመረዳት ትርጓሜ የሚያስፈልገው አይመስለኝም፤ በማኅሌት መቋሚያውና ጸናጽሉ፥ ከበሮውም፥ ከዝማሜ ወደ መረግድ፥ ከመረግድም ወደ ጽፋት እየተፋጠኑ ዜማውን ያጅቡታል እንጂ ዜማውን እንዳሻቸው አይለውጡትምና። መታዘዝ ሲባል ግን መድገም ማለት አይደለም፤ ዘፋኙ ዝናብ ባለ ጊዜ ዝናብ፥ አበባ ባለ ጊዜ አበባ የሚያሳይ ክሊፕ ለዜማው የታዘዘ ሳይሆን በቃላቱ የታሠረ ነው፤ ይህም ጉድለት በእኛ አገር ክሊፖች ዘንድ እጅግ የተለመደ ነው።

ዘፈንን በሥዕል ማሳየት በ1981 ኤም ቲቪ የተባለው ጣቢያ በአሜሪካ ከመከፈቱ በፊትም የነበረ ነው፤ በፈረንሳይ በ1960ዎቹ ዓመታት ሳንቲም ሲገባበት ዘፈንን ከነሥዕሉ የሚያሳይ ስኮፒቶን የሚባል መሣሪያ በየቡና ቤቱ ይቆም ነበር። በደቡብ አፍሪካ በ1997 የተጀመረው ቻናል ኦ የአህጉሩን ክሊፖች ከአገር አገር አዳረሰ። በእኛም ዘንድ ዘፋኝ በአበባ መካከል ቆሞ ከመዝፈን ተነሥቶ፥ የቴዲ አፍሮ «ጥቁር ሰው» የዓድዋን ዘመቻ በፈረስና በጥንቱ አልባሳት እስካሳየበት ድረስ ረጅም መንገድ ተሄዷል።

ሥራው የሚጀመረው በማዳመጥ ነው። ዳይሬክተሩ ዘፈኑን ደጋግሞ ሰምቶ መግቢያውን፥ አዝማቹን፥ መሣሪያ ብቻውን የሚናገርበትን ቦታ በሰከንድ ከፋፍሎ ይጽፋል፤ ከዚያም ዘፋኙ ብቻውን የሚታይበት ይሁን፥ ታሪክ የሚተረክበት፥ ወይስ ውዝዋዜው የሚገንበት፥ ይህን ወስኖ ሐሳቡን በአንድ ወይም በሁለት ገጽ ለዘፋኙና ገንዘብ ለሚያወጣው ሰው ያቀርባል። ሐሳቡ ሲጸድቅ እያንዳንዱ ትዕይንት ከየት ቦታ፥ በምን ሌንስ፥ በስንት ሰዓት እንደሚቀረጽ ዝርዝር ይወጣለታል። ብዙ ወጣቶች ይህን ዝርዝር ንቀው በካሜራው ውበት ብቻ ተማምነው ይወጣሉ፤ ነገር ግን በዕቅድ ያልተገኘ ሐሳብ በኤዲቲንግ ጠረጴዛ ላይ አይገኝም።

ቀጥሎ የሚመጣው የቦታና የፈቃድ ጉዳይ ነው። ቶኮዛ የሚተዳደረው በኤኩሩሌኒ ማዘጋጃ ቤት ስለ ሆነ መንገድ ለመዝጋት የሚያስፈልገው ፈቃድ ከዚያ ይጠየቃል፤ ሆኖም ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም፤ የመንደሩን ሽማግሌዎችና የታክሲ ነጂዎችን ያላነጋገረ ሰው ጥሩንባ በማያቋርጥበት ጎዳና ላይ ቆሞ ይውላል። ድሮን ማብረር ለሚፈልግም አገሪቱ በ2015 ያወጣችው ሕግ አለበት፤ ለንግድ ሥራ የሚበር ከሆነ አብራሪው ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ኤሌክትሪክ በተራ በሚጠፋባቸው ወራት ደግሞ ጄኔሬተር ሳይዙ መውጣት ድፍረት ነው። በእነዚህ ሠፈሮች ሱቅ ከፍተው የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን አሉና፥ ቀረጻው በደጃቸው ሲሆን ለዕለቱ ውኃና ለስላሳ መጠጥ አቅራቢዎቹ እነርሱ ናቸው፤ የአገራቸውን ክሊፕ ግን የሚያዩት ዕቃ ሊያወጡ በጆሐንስበርግ መሀል ወዳለው የሐበሾች ገበያ፥ ወደ ጄፒ፥ በወረዱ ጊዜ፥ በሐበሻ ምግብ ቤት ቴሌቪዥን ላይ ነው።

በቀረጻው ዕለት ዘፋኙ የሚዘፍነው ለካሜራው ማይክሮፎን አይደለም፤ የተጠናቀቀው ዘፈን በትልቅ ድምፅ ማጉያ ይለቀቃል፥ እርሱም ከንፈሩን ከዚያ ጋራ ያዛምዳል። ይህም ፕሌይባክ ይባላል። እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ዘፋኙን «አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ» በማለት ነው፤ የአንገት ሥርና የደረት ትንፋሽ የእውነተኛ ድምፅ ምስክሮች ስለ ሆኑ፥ ዘፋኙ ድምፁን ከፍ አድርጎ በእውነት ካልዘፈነ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቀውም ሐሰቱን ያውቀዋል። ከዚህም የሚያስደንቅ ብልሃት አለ፤ ልብሱና አቧራው በዝግታ ሲንሳፈፉ የዘፋኙ ከንፈር ግን ከዜማው ጋራ ሲሄድ ይታያል። በደቡብ አፍሪካም ሆነ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በሰከንድ 25 ፍሬም ያሳያል፤ ካሜራው በሰከንድ 50 ፍሬም እንዲቀርጽ ተደርጎ ዘፈኑ በእጥፍ ፍጥነት ይለቀቃል፥ ዘፋኙም የአራት ደቂቃውን ዘፈን በሁለት ደቂቃ አጣድፎ ይዘፍናል፤ ሥዕሉ ወደ 25 ሲመለስ እንቅስቃሴው በግማሽ ይዘገያል፥ ከንፈሩም ከትክክለኛው ዜማ ጋራ ይገጥማል። በቀረጻው ቦታ ቆሞ ያን ጥድፊያ የሰማ መንገደኛ ሳቁን መግታት አይችልም።

በዚህ አካባቢ የሚቀረጽ ክሊፕ ያለ ፓንትሱላ ውዝዋዜ ብዙ ጊዜ አይሟላም። ቪያ ካትልሆንግ የተባለው የውዝዋዜ ቡድን በ1992፥ መተላለቁ ገና ሳይበርድ፥ በጎረቤቱ ሠፈር ተመሥርቶ ይህን ጥበብ እስከ አውሮፓ መድረኮች አድርሶታል። የፓንትሱላ ምሥጢሩ እግር ላይ ነውና ካሜራ ማኑ ፊትን ለማቅረብ ሲል እግርን ከሥዕሉ ያስወጣ እንደ ሆነ ውዝዋዜውን ገደለው ማለት ነው። ክሊፕን የሚያደምቀው ግን ውዝዋዜ ብቻ አይደለም፤ የካትልሆንግ ተወላጅ የሆነው ራፐሩ ክዌስታ በ2017 ከአሜሪካዊው ዋሌ ጋራ ላወጣው «ስፒሪት» ለተባለው ዘፈን ቴቦጎ ማሎፔ ያዘጋጀው ክሊፕ የታወቀው የሠፈሩን የዕለት ኑሮ ያለ ሐፍረትና ያለ ማጋነን በማሳየቱ ነው።

ስለ ብርሃን አንድ ነገር ልጨምር። በጆሐንስበርግ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በሰሜን በኩል ስለምትሆን፥ ከሰሜን የመጣ ካሜራ ማን ጥላው የወደቀበትን ወገን አይቶ ይደናገራል። ጁንና ጁላይ ሰማዩ ጠርቶ አየሩ የሚደርቅበት ክረምት ነው፤ ሣሩ ቢጫ ይሆናል፥ ከየቤቱ የሚወጣው የከሰል ጢስ በምሽት ብርሃን ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ይሁን እንጂ ፀሐይዋ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ስለምትጠልቅ፥ ለዚያች ለመጨረሻዋ ሰዓት ሲባል ቀኑ ሙሉ በዝግጅት ያልፋል።

ከዚያ በኋላ ሥራው የኤዲተሩ ነው። የአራት ደቂቃ ዘፈን 6,000 ፍሬም ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ሰከንድ ቢቆይ 120 ቁራጮች ያስፈልጋሉ። ኤዲተሩ በመጀመሪያ ካሜራው የቀዳውን ሻካራ ድምፅ ከዋናው ዘፈን ጋራ አጋጥሞ ቅጂዎቹን ሁሉ በታይምላይን ላይ ይደረድራል፥ ቀጥሎም የዘፋኙን ምርጥ መልክ ይለቅማል፥ ታሪኩንና ውዝዋዜውን በመካከሉ ያስገባል። በየምቱ ላይ መቁረጥ ለጀማሪ ያስደስታል፥ ተመልካችን ግን ቶሎ ያሰለቻል፤ አዋቂው ምቱን አንዳንዴ ጥቂት ቀድሞ፥ አንዳንዴም አሳልፎ ይቆርጣል፥ አዝማቹ በተመለሰ ቁጥርም አንድ አዲስ ነገር ያስቀምጣል።

የመጨረሻው ደረጃ ቀለም ነው። ካሜራው ሆን ተብሎ ያደበዘዘውን ሥዕል ወደ ሙሉ ቀለሙ መመለስ፥ በተለይም የጥቁር ሰውን ቆዳ በትክክል ማሳየት፥ በደቡብ አፍሪካ ቀላል ታሪክ የለውም። ኮዳክ ለብዙ ዘመን ቀለሙን የሚያስተካክለው በነጭ ሴት ሥዕል ነበረ፤ ፖላሮይድም ጥቁሮች እንዲይዙት ለሚገደዱት የይለፍ ደብተር ፎቶግራፍ የሚያነሣ መሣሪያ ለአፓርታይድ መንግሥት እየቀረበ መሆኑን የገዛ ሠራተኞቹ ከ1970 ጀምሮ ስለ ተቃወሙ በ1977 ከአገሪቱ ወጣ። የዛሬው ቀለም አስተካካይ፥ ከለሪስት የሚባለው፥ በአንድ ሥዕል ውስጥ የቀይ ዳማውንና የጠይሙን ፊት ለየብቻ ማስተካከል ይችላል፤ ብዙዎች ግን አሁንም ሁሉን በማንጣት ያበላሹታል።

ሥራው ተጠናቆ ከመውጣቱ በፊት ጠንቃቃ ኤዲተር ክሊፑን በትልቁ ሞኒተር ብቻ አይቶ አይረካም፤ ርካሽ በሆነ ስልክ፥ በቀን ብርሃን፥ በስልኩ በራሱ ድምፅ ያየዋል፥ አብዛኛው ተመልካች የሚያየው እንደዚያ ነውና። ከዚያ ለቴሌቪዥን ጣቢያ አንድ ቅጂ፥ ለዩቲዩብ ሌላ፥ ለቲክቶክም ቁመቱ ከስፋቱ የበለጠ አጭር ቁራጭ አዘጋጅቶ ለዘፋኙ ያስረክባል።