ጨጓራን የሚያቆስለው ማን ነው?

አዲ አርቃይም ይሁን ጎንደር ከተማ፣ ጨጓራው የሚያቃጥለው ሰው መጀመሪያ የሚወቅሰው የበላውንና የጠጣውን ነው፤ በርበሬውን፣ ጠላውን፣ በባዶ ሆድ የወረደውን ቡና። እነዚህ ሕመሙን ይቀሰቅሱታል፤ ቁስሉን የሚጀምሩት ግን አብዛኛውን ጊዜ እነሱ አይደሉም። አንዱ ጥፋተኛ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ሌላው እሱን ለማጥፋት የሚረባረቡት የራሳችን የበሽታ መከላከያ ሴሎች ናቸው። ስለ ባክቴሪያው ብዙ ሰው ሰምቷል። የሴሎቹ ድርሻ ግን እምብዛም አይነገርም፤ ሊነገር የሚገባው ደግሞ እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1979 በአውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ ሮቢን ዋረን የተባሉ የፓቶሎጂ ሐኪም ከጨጓራ የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ጠማማ ባክቴሪያዎች አዩ። ባክቴሪያው ባለበት ሁሉ የጨጓራው ሽፋን ተቆጥቶ፣ ነጭ የደም ሴሎች ተሰብስበውበት ነበር። ከሐኪሙ ባሪ ማርሻል ጋር ሆነው በ1982 ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ለማሳደግ በቁ። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሳቸው ጠጡት፤ በቀናት ውስጥ ጨጓራቸው ተቆጣ። ሁለቱም በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በአገራችን ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ባክቴሪያውን ይዞ ይኖራል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በጨጓራ ሕመም በመጡ ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ከመቶው ከ80 በሚበልጡት ደም ውስጥ ባክቴሪያውን የሚቃወም ፀረ እንግዳ አካል አግኝቷል። አብዛኛው ሰው የሚያዘው በልጅነቱ፣ እዚያው ቤተሰቡ ውስጥ ነው።

ጤነኛ ጨጓራ ውስጥ የመከላከያ ሴል ብዙም አይታይም፤ አሲዱ አብዛኛውን ተህዋስ ይገድላል። ኤች ፓይሎሪ ግን ዩሪኤዝ በተባለ ኢንዛይም አሞኒያ እየሠራ በዙሪያው ያለውን አሲድ ያከሽፋል፤ ከዚያ በጭራዎቹ እየቀዘፈ ግድግዳውን የሸፈነው ንፍጥ ውስጥ ይገባል። የግድግዳው ሴሎች ሲነኩ ኢንተርሉኪን-8 የሚባል የጥሪ ኬሚካል ይለቃሉ። ቀድመው የሚደርሱት ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ ሴሎች ናቸው፤ ባክቴሪያን የሚያቃጥል ኬሚካል ይለቃሉ። ማክሮፌጆች ይከተላሉ፤ ቀጥሎ ቲ ሴሎችና ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱት ቢ ሴሎች ይመጣሉ።

ባክቴሪያው ግን ንፍጡ ውስጥ ስለሆነ ሴሎቹ አብዛኛውን አይነኩትም። ቫክኤ በሚባለው መርዙም ቲ ሴሎች እንዳይባዙ ያግዳል። ስለዚህ ትግሉ ሳምንት ወይም ወር አይደለም የሚቆየው፤ ካልታከመ ዕድሜ ልክ ነው። ማሳ የሚጠብቅ ሰው ዝንጀሮ ለማባረር ማሽላው መሐል እየሮጠ አገዳውን ይሰባብራል፤ ዝንጀሮው ግን ዛፍ ላይ ሆኖ ያየዋል። ጨጓራም ላይ የሚደርሰው ይኸው ነው። ለባክቴሪያው የታሰበው ኬሚካል የሚያቃጥለው የራሳችንን ሽፋን ነው፤ የሳሳውን ሽፋን ደግሞ አሲዱ ያቆስለዋል።

ባክቴሪያውን ከያዙት አብዛኞቹ ምንም አይሰማቸውም። ከአሥሩ አንድ ያህሉ ቁስለት ያገኘዋል። በጥቂቶቹ ላይ ደግሞ ለአሥርተ ዓመታት የቆየው ቁጣ የጨጓራውን ዕጢዎች አጥፍቶ፣ ሽፋኑን ለውጦ ወደ ካንሰር ያደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ባክቴሪያውን እ.ኤ.አ. በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል።

ሴሎቹ በጉዳቱ ድርሻ እንዳላቸው ከሚያሳዩት ማስረጃዎች አንዱ ከኤች አይ ቪ የተገኘ ነው። ቫይረሱ ሲዲ4 የተባሉትን ቲ ሴሎች ባመናመነባቸው ሰዎች ላይ፣ በኤች ፓይሎሪ የሚመጣው የጨጓራ ቁስለት ከሌላው ሰው ባነሰ መጠን ይታያል። ሌላው አፍሪካን ይመለከታል። እዚህ ባክቴሪያው በሰፊው እያለ የጨጓራ ካንሰር ግን የሚጠበቀውን ያህል አይታይም። አንዱ መላምት ወስፋትና ሌሎች የአንጀት ትሎች የመከላከያ ሴሎቹን ምላሽ ያለዝቡታል ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በአይጦች ላይ የወጣ ጥናት ይህን ይደግፋል። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። ጨጓራን በካሜራ የሚያየው ኢንዶስኮፒ በሌለበት ወረዳ ካንሰሩ ሳይታወቅ የሚሞት ሰው መኖሩ አይቀርም።

ባክቴሪያ ሳይኖር ሴሎቹ ብቻቸውን የሚያጠቁበት ሕመምም አለ። ቲ ሴሎች አሲድ የሚያመነጩትን የጨጓራ ሴሎች እንደ ባዕድ ቆጥረው ያጠፏቸዋል። ቫይታሚን ቢ12 ወደ ደም እንዲገባ የሚረዳውን ነገር የሚሠሩት እነዚሁ ሴሎች ስለሆኑ፣ ሕመምተኛው ደም ያንሰዋል፣ እጅ እግሩ ይደነዝዛል፤ ሆዱን ግን ላያመው ይችላል።

የኤች ፓይሎሪ ሕክምና የሚመነጨው ሴሎቹን የሚጠራው ባክቴሪያው ከመሆኑ ነው። ተልባም ሆነ አሲድ ቀናሹ ኦሜፕራዞል ማቃጠሉን ያስታግሳል፤ ብቻውን ግን ባክቴሪያውን አያጠፋም። ባክቴሪያው ሲጠፋ ሴሎቹ ይበተናሉ፤ ቁስሉም ይድናል። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1993 የለንደን ሐኪሞች ከቢ ሴሎች የተነሳ የጨጓራ ሊምፎማ የተባለ ካንሰር በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ብቻ ሲጠፋ አይተዋል። ስለዚህ የታዘዘው መድኃኒት፣ አብዛኛውን ጊዜ የ14 ቀን ነው፣ ሳይቋረጥ ማለቅ አለበት። ሕመሙ በሦስተኛው ቀን ሲቀል ማቆም መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ያተርፋል።

ከሕክምናው በኋላ በሚደረግ የደም ምርመራ ብዙ ሰው ያለአግባብ ይደነግጣል። ምርመራው የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ቢ ሴሎች የሠሩትን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ይህ ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። መዳንን የሚያረጋግጠው የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው፤ የሰገራው በብዙ ቦታ ይገኛል። ለዚህ ምርመራ መድኃኒቱ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞል ከቆመ ደግሞ 2 ሳምንት ሊሞላ ይገባል።

ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ደም ያስመለሰው፣ ሳያስበው የከሳ ወይም ምግብ አልወርድ ያለው ሰው ግን ይህን ሁሉ አይጠብቅ። እሱ ዛሬውኑ ጤና ተቋም ሄዶ፣ ካስፈለገም ጎንደር ድረስ ተልኮ በኢንዶስኮፒ ሊታይ ይገባል።