ቬሎው ባይመጣስ?

የከተማ ሰርግ በአብዛኛው ኪራይ ነው። ቬሎው ኪራይ፣ የሚዜዎቹ ሱፍ ኪራይ፣ በአበባ ያጌጠችው መኪና ኪራይ፣ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ሳህኑ፣ ጄኔሬተሩ ሁሉ ኪራይ። ጥር ወይም ሚያዝያ ሲገባ ደግሞ አንዱን ዕቃ ሦስት ሰው ይፈልገዋል። አንዳንድ አከራይ የተሻለ ዋጋ ላቀረበለት ይሰጥና ሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ይደውላል፦ «እህቴ ይቅርታ፣ ያ ቬሎ የለም፤ ገንዘብሽን መጥተሽ ውሰጂ።»

ብዙ ቤተሰብ ገንዘቡን ይቀበልና ነገሩን ይተወዋል። በሰርግ ሰሞን ማን ክርክር ይወዳል? ይሁን እንጂ ገንዘብ መመለስና ጉዳት መካስ ለየቅል ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና እስከ ዛሬ የምንሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ውል ያልተፈጸመለት ሰው ውሉን ከማፍረስ በተጨማሪ ኪሳራ መጠየቅ እንደሚችል በቁጥር 1790 ይደነግጋል። ውሉ በቃል ብቻ ቢሆንም ውል ነው፤ ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው።

ታዲያ ኪሳራው ስንት ነው? ለመሥሪያ ቤት ዝግጅቶች ድንኳንና የድምፅ መሣሪያ ስከራይ ዓመታት ስላለፉ፣ ይህን ስሌት ከሕግ ባለሙያ ይልቅ እንደ በጀት ሠራተኛ ነው የማየው። ቬሎው በ15,000 ብር ተስማምታችሁ 5,000 ብር ከፍላችኋል እንበል። በጥድፊያ ያገኛችሁት ተመሳሳይ ቬሎ 23,000 ብር ነው። እሱን ፍለጋ ለታክሲ 1,200 ብር ወጣ። የዋጋው ልዩነት 8,000 ነው፤ የታክሲው ሲጨመር ጉዳቱ 9,200 ብር ይሆናል። አስቀድማችሁ የከፈላችሁት 5,000 ደግሞ የራሳችሁ ገንዘብ ስለሆነ ለብቻው ይመለሳል። በድምሩ ከአከራዩ የሚጠበቀው 14,200 ብር ነው።

«ተመሳሳይ» የምትለዋ ቃል ግን ቀላል አይደለችም። በንዴት ተነስታችሁ የ40,000 ብር ቬሎ ብትከራዩ ትርፉን አከራዩ አይሸከምላችሁም። ሕጉ በቁጥር 1802 ተጎጂው ያለ ብዙ ወጪና እንግልት ጉዳቱን መቀነስ ከቻለ እንዲቀንስ ይጠብቅበታል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ቤት ጠይቃችሁ ዋጋቸውን በጽሑፍ ብትይዙ ጥሩ ነው። የዳናችሁት ወጪ ካለም ይቀነሳል፦ የመጀመሪያው ቤት ቬሎውን ለማስተካከል 1,500 ብር ለብቻው ሊያስከፍላችሁ ነበር፣ አዲሱ ግን በኪራዩ ውስጥ ካጠቃለለው 9,200 የነበረው 7,700 ይሆናል። ሒሳቡ ሐቀኛ ሲሆን አከራዩም ለመከራከር ይቸግረዋል።

ብዙዎቻችን የማናስተውለው ነገር ደግሞ ቀብዱ ነው። ቀብድ በልማዳችን «ይዤዋለሁ» ማለት ነው። በሕጉ ግን ከውል የመውጫ በርም ነው። በቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ትቶ፣ የተቀበለ ደግሞ እጥፉን መልሶ ውሉን ማፍረስ ይችላል። በእኛ ምሳሌ አከራዩ 10,000 ብር ቆጥሮ ይሰናበታል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ 5,000ው ድሮም የእናንተ ነው፤ ካሳው 5,000 ብቻ ሆነ። ጉዳቱ 9,200 ሆኖ ሳለ! ለዚህ ነው ደረሰኙ ላይ «ቀብድ» ከሚል «ቅድመ ክፍያ» የሚል ቢጻፍ የምመርጠው። በርግጥ በሩ የእናንተም ነው፤ ሐሳባችሁን ልትቀይሩ ትችላላችሁ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ቀብድነቱ ይጠቅማችኋል።

መቀጫን በውሉ ላይ መጻፍም ይቻላል፤ «ዕቃው በዕለቱ ባይቀርብ 10,000 ብር እከፍላለሁ» ማለት በቂ ነው። መቀጫው የተጎዳችሁበትን ገንዘብ ባታስረዱም ይጠየቃል። ለድንኳንና ለወንበር አከራዮች ይህን ስጠይቅ አንዳንዶቹ ይስቃሉ፤ ሥራቸውን የሚያውቁት ግን ያለ ብዙ ንግግር ይፈርማሉ።

የኪሳራው ልክ አከራዩ ባወቀው ነገርም ይወሰናል። መነሻው ማንኛውም አስተዋይ ሰው ከእንዲህ ዓይነት ውል አለመፈጸም ይደርሳል ብሎ የሚገምተው ጉዳት ነው። ከዚያ የበለጠ ልዩ ጉዳት የሚመጣ ከሆነ ውሉ ሲደረግ ተነግሮት መሆን አለበት። ጄኔሬተር ተከራይታችሁ ለ400 ሰው የሚሆን ሥጋ በማቀዝቀዣ እንደምታቆዩበት ካልነገራችሁት፣ ሥጋው ሲበላሽ «አላውቅም ነበር» ይላል። አንዲት የቴሌግራም መልእክት ይህን ክርክር ትዘጋለች፦ «ጄኔሬተሩ ለሥጋ ማቀዝቀዣ ነው፤ ከዓርብ ማታ ጀምሮ ይፈለጋል።»

ዕቃው መጥቶ ጎደሎ ሲሆንስ? ሃያ ወንበር ቢጎድል፣ ድንኳኑ ቢያፈስ፣ መኪናዋ ያለ ኤሲ ብትመጣ፣ ጉዳቱ ቃል በተገባውና በመጣው መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ነው። ፎቶ አንሱ፤ ላኪው ሰው ባለበት ጎደሎውን ጽፋችሁ አስፈርሙ፤ በዚያው ሰዓት ለአከራዩ ደውሉ። ማግስቱን የሚነገር ቅሬታ ቅናሽ ለመለመን የተፈጠረ ይመስላል።

አከራዮች ብዙ ጊዜ የሚያነሱት መከላከያ «ከአቅሜ በላይ ሆነ» የሚል ነው። ሕጉ ከአቅም በላይ የሚለው ሊገመት የማይችልና አፈጻጸሙን ፈጽሞ የሚያግድ ነገርን ነው። ነዳጅ ስለተወደደ ሥራው ከበደኝ ማለት በቂ አይደለም፤ የተሻለ ከፋይ መጣልኝ ማለትማ ጭራሽ። ድንገተኛ ጎርፍ መጋዘኑን ከወሰደው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ የከፈላችሁትን አስመልሳችሁ ሌላ ድንኳን መፈለግ ነው።