የዳታቤዝ ሥራ አስጀማሪን ከምንጭ ኮድ መገንባትና መፈተሽ፦ የፒጂክሮን ምሳሌ

ዳታቤዝ በየጊዜው ሊከናወኑለት የሚገቡ ሥራዎች አሉት፤ ያረጁ መዝገቦችን ማጽዳትና ማጠቃለያ ሠንጠረዦችን ማደስ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ለፖስትግሬስኪውኤል እነዚህን በተወሰነላቸው ሰዓት ከሚያስጀምሩ ነጻ ሶፍትዌሮች አንዱ፣ በሲተስ ዳታ ኩባንያ ተሠርቶ በ2016 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ፒጂክሮን ነው። የሰርቨሩ የማበልጸጊያ ፋይሎች እስከተገኙ ድረስ ምንጭ ኮዱን ኮምፓይል ማድረግና መጫን ሁለት ትእዛዞችን ብቻ ይጠይቃል። ከባዱ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

በግንባታው ደረጃ የሚያጋጥመው ዋና ችግር የሥሪት መምታታት ነው። በአንድ ማሽን ላይ ሁለት የፖስትግሬስኪውኤል ሥሪቶች ካሉ፣ ኮዱ የሚገነባው ፒጂኮንፊግ የተሰኘው ፕሮግራም ለሚጠቁመው ሥሪት ነው፤ ስለዚህ ጥቆማው አስቀድሞ መጣራት ይኖርበታል። መርሐ ግብሩን የሚከታተለው ሂደት ከሰርቨሩ ጋር አብሮ የሚነሣ በመሆኑም፣ ላይብረሪው ቀድመው በሚጫኑት ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ሰርቨሩ እንደገና መነሣት አለበት።

ከዚህ በኋላ ሦስት ፈተናዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው የግንኙነት ፈተና ነው። ፒጂክሮን በመደበኛ አሠራሩ እያንዳንዱን ሥራ የሚያስፈጽመው እንደ ማንኛውም ተጠቃሚ ፕሮግራም ከሰርቨሩ ጋር አዲስ ግንኙነት በመክፈት ነው። የሰርቨሩ የመግቢያ ደንብ ይህን ካልፈቀደ፣ ሥራው በሚገባ ተመዝግቦ እየታየ አንድም ጊዜ ሳይፈጸም ይቀራል።

ሁለተኛው የሰዓት ፈተና ነው። ፒጂክሮን ካልተለወጠ በቀር የሚከተለው የግሪንዊችን ሰዓት ነው። በኢትዮጵያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የታሰበ ሥራ በ22 ሰዓት መመዝገብ ይገባዋል። በቸልታ 7 ተብሎ ቢጻፍ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ ዳታቤዙን በሚጠቀምበት ጊዜ ይጀምራል።

ሦስተኛው የመደራረብ ፈተና ነው። በየደቂቃው እንዲጀምር የታዘዘና 90 ሰከንድ የሚፈጅ ሥራ ይመዘገባል። ፒጂክሮን አንድን ሥራ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ስለማያስኬድ፣ ተከታዩ ዙር የፊተኛው እስኪያበቃ ወረፋ ሊጠብቅ ይገባል።

የሦስቱም ውጤት የሚነበበው የእያንዳንዱ ዙር መነሻና መድረሻ ሰዓት፣ ሁኔታና መልእክት ከሚሰፍርበት የአፈጻጸም ሠንጠረዥ ነው። ኮምፓይሉ ያለ ስሕተት መጠናቀቁ ኮዱ ከሰርቨሩ ጋር መስማማቱን እንጂ ሥራው መሠራቱን አይመሰክርም፤ ያን የሚመሰክረው ይህ ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ በራሱ ስለማይጸዳም፣ መጀመሪያ ሊመዘገቡ ከሚገባቸው ሥራዎች አንዱ የእርሱ ጽዳት ነው።