ከቫልቩ የምታመልጠው ጅረት

የሳንባ የደም ሥር ግፊት ክንድ ላይ ከሚለካው የደም ግፊት ጋር የሚጋራው ስሙን ብቻ ነው። ክንድ ላይ የሚታሰረው መሣሪያ ስለ ሳንባ አንዳች አይናገርም፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ «ጨው ቀንሱ» የሚል ማብራሪያ ሲክል ሴል (በዘር የሚወረስ የቀይ ደም ሕዋስ በሽታ) ያለበትን ልጅ ወላጅ ከማደናገር በቀር የሚፈይደው የለም።

ሲክል ሴል በኢትዮጵያ በዋናነት የቆላ ታሪክ ነው። ዘረመሉን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው ከከባድ ወባ ስለሚጠበቅ፣ በሽታው ወባ ሲመላለስባቸው በኖሩ እንደ ጋምቤላ ባሉ ቦታዎች ይገኛል። ከዚያ የመጣ ቤተሰብ ለገጣፎ ወይም ሱሉልታ ሲሰፍር ግን ልጁ ከ2,300 ሜትር በላይ እየተነፈሰ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ይሆናል። ኦክስጅን ሲያንስ የሳንባ የደም ሥሮች ይኮማተራሉ፤ የታመሙት ቀይ ሕዋሳትም እንደ ማጭድ መጉበጥ ይቀናቸዋል። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም ለዝቅተኛ አገር በወጣ ቁጥር ሊፈረድበት አይገባም።

የሳንባ ግፊት መጨመር ዋናው መፈለጊያ የልብ አልትራሳውንድ፣ ማለትም ኢኮ ነው። ትራይከስፒድ የተባለው ቫልቭ ጥቂት ደም ወደ ኋላ ያስመልጣል፤ ኢኮ የዚያችን ጅረት ፍጥነት ይለካል። ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ውጤቱ በአራት ሲባዛ ግፊቱ ይገመታል፦ በሴኮንድ 2.5 ሜትር 25 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ፣ 3 ሜትር ደግሞ 36።

ውሃ በፈረቃ የሚደርሰው ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የልብ ቀኝ ክፍል ፓምፕ፣ ሳንባ ቧንቧ፣ የልብ ግራ ክፍል ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ነው። የቧንቧው ማሰሪያ ላይ የሚያፈተልከው ውሃ ኃይል ሲጨምር ምክንያቱ ሦስት ሊሆን ይችላል፦ ቧንቧው ጠቧል፤ ፓምፑ ከልክ በላይ እየገፋ ነው፤ ወይም ሮቶው አልቀበል ብሏል። ሲክል ሴል ሦስቱንም ያመጣል። የፈረሱት ሕዋሳት የሚለቁት ሂሞግሎቢን ሥሮችን የሚያላላውን ናይትሪክ ኦክሳይድ ይመጥጣል፤ ይህ የቧንቧው ዝገት ነው፣ ዝገቱም የሚመጣው ከውሃው ከራሱ ነው። ደም ያነሰው ልጅ ልቡ አብዝቶ ይገፋል። የግራው ልብ ግድግዳ ሲደድር ደግሞ ሮቶው ይሞላል። ደህና የቧንቧ ሠራተኛ ፉጨት ሰምቶ ግድግዳ አይቆፍርም፤ መጀመሪያ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሮቶውን ያያል፣ ከዚያ ፓምፑን ይዳስሳል።

ክርክሩ የሚነሳው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ ሲክል ሴል ባለባቸው 195 አዋቂዎች ላይ የተደረገ ጥናት 32 በመቶው 2.5 ሜትርና ከዚያ በላይ ፍጥነት እንዳላቸው፣ የመሞት ዕድላቸውም እጅግ ከፍ እንደሚል አሳየ። በ2011 ፈረንሳዮች 398 አዋቂዎችን መረመሩ፤ 27 በመቶው ያንን መስመር አለፉ፣ ወደ ልብ በሚገባ ቀጭን ቱቦ (ካቴተር) ሲረጋገጥ ግን በሽታው የተገኘባቸው ከሁሉም 6 በመቶው ብቻ ነበሩ። ከሚያስደነግጠው ቁጥር ሦስት አራተኛ ያህሉ የውሸት ደወል ማለት ነው! በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 3,700 ሜትር ላይ የሚኖሩ ጤነኛ የአማራ ደገኞች የሳንባ ግፊታቸው ከቆለኞቹ ከፍ ያለ፣ የሥሮቻቸው ተቃውሞ ግን ያልጨመረ መሆኑን አገኘ፤ ፓምፑ እንጂ ቧንቧው አልነበረም።

መመሪያዎቹም አይስማሙም። የ2015ቱ የአሜሪካ የሕፃናት መመሪያ እስከ 8 ዓመት ባለው ጊዜ፣ የልብና የመተንፈስ ምልክት ለሚመላለስበት ከዚያም ቀድሞ፣ ኢኮ እንዲነሳ ያዛል። የ2019ኙ የአሜሪካ የደም ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ምልክት ለሌለው ልጅ የዘወትር ኢኮን አይመክርም። የኋለኛው ሚዛን ይደፋል፣ ጥያቄው በትክክል ከተጠየቀ፦ ደረጃ ሲወጣ ከእኩዮቹ ቀድሞ ይደክማል? ራሱን ስቶ ያውቃል? ሌሊት ያንኮራፋል? ማንኮራፋት የቶንሲል ጉዳይ ሊሆን ይችላል፣ ቶንሲል ደግሞ ይታከማል።

ኢኮ የሚነሳው ልጁ ደህና በሆነበት ቀን ነው። በሕመም ቀውስ መካከል ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ያን ቀን የተለካው ቁጥር ቀውሱን ይናገራል እንጂ በሽታውን አይደለም። ከ2.5 እስከ 2.9 ሆኖ ምልክት ለሌለው ካቴተር አይመከርም፤ ክትትል ይበቃዋል። ከፍ ብሎ ምልክት ያለው ግን ካቴተር ሳይገባለት የሳንባ ግፊት መድኃኒት አይጀመርለትም፤ ሲልደናፊል የተሞከረበት ጥናት የሕመም ቀውስ ስላበዛ በ2009 ተቋርጧል። ሃይድሮክሲዩሪያ የተባለው መድኃኒትና ደም መስጠት የሚታሰቡት ሕዋሳቱ እንዳይፈርሱ ለመከላከል ነው።